ለሰፈራችን ንጉሥ የተጻፈ ምክር

ባለቤቴ ንጉሥ የሆነው የመዋኛ ገንዳውን ቁልፍ ሊጠይቅ ሄዶ ነው።

ዳላስ አጠገብ፣ ሌዊስቪል ውስጥ ቤት ስንገዛ ቤት ብቻ የገዛን መስሎን ነበር። ለካ ከቤቱ ጋር አንድ ትንሽ መንግሥትም አብሮ ይመጣል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ሰዉ ኤች ኦ ኤ ይለዋል። ሣራችን እስከ ምን ድረስ ማደግ እንደሚችል፣ ለበራችን የተፈቀደው ቡናማ የትኛው ቡናማ እንደሆነ፣ የቆሻሻ በርሜላችን መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ባለቤቴ ይህን መንግሥት ለዓመታት ሲረግመው ኖሯል። አንድ ጊዜ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ባከበሩ ማግስት የገና መብራታችሁን አውርዱ የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰን። “ገና እኮ ገና አልደረሰም!” እያለ ወረቀቱን ይዞ ሳሎኑን ሲዞር አመሸ።

ታዲያ ባለፈው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የገንዳው ቁልፍ አልሠራ ስላለን ሊጠይቅ ሄደ። እጁን አወጣ። እሱ እጁን ባወጣበት ቅጽበት መድረኩ ላይ ያለችው ሴትዮ “ለፕሬዚደንትነት ፈቃደኛ የሆነ አለ?” ብላ ጠይቃ ኖሯል። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ያጨበጨበው ከሸክም ስለተገላገለ ነው፤ ባለቤቴ ግን ጭብጨባው ጣመው።

ቤት ሲገባ “ምን ላድርግ፣ ሕዝቡ መረጠኝ” አለኝ።

“ቁልፉስ?”

“እሱን ለቦርዱ አቀርበዋለሁ።”

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ኤርፖርት ጭነት ክፍል ሱፐርቫይዘር ነው፤ አብረውት የሚሠሩት ይወዱታል። ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አካሄዱ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ለጤናው ይራመድ የነበረው ሰውዬ ስልኩን ይዞ “ኢንስፔክሽን ላድርግ” ብሎ መውጣት ጀመረ። የሰው በርሜል ፎቶ ያነሳል። የሰው አጥር ፎቶ ያነሳል። ሠርጋችን ላይ የተነሣነው ፎቶ ስልኩ ውስጥ የለም፣ የጎረቤት ሣር ግን ከፊትም ከጎንም አለ። እራት ላይ ሩዝ ይቅረብ ወይስ ፓስታ ስንባባል “ሞሽን አለ?” ይላል፤ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ አለ ወይ ማለቱ ነው። አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ቅዳሜ ስትመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና “ማሚ፣ ዳዲ ምን ሆነ? ማለቴ፣ እየተነፋ ነው” አለችኝ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ለሚኖሩት ሽማግሌ ነበር። ኢራናዊ ናቸው። ሲቪል መሐንዲስ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሚስታቸው ሞተዋል። ከቤታቸው ፊት ለፊት አንድ የሮማን ዛፍ አለቻቸው፤ ሚስታቸው የተከሏት ናት። አበባዋ ሲፈነዳ መንገዱ ሁሉ ይቀላል። የማኅበሩ ደንብ ግን ከቤት ፊት ለፊት መተከል የሚችሉትን ዛፎች በስም ዘርዝሯል፤ ሮማን የለበትም።

“ሽማግሌ ናቸው፣ ተዋቸው” አልኩት።

“እኔ ብተዋቸው ደንቡ ይተዋቸዋል?” አለኝ። ደንቡ የሚተነፍስ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ፍጥረት ይመስል ነበር አነጋገሩ።

ማስጠንቀቂያው በደረሳቸው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተደወለ። ስከፍት ሽማግሌው ቆመዋል። በዚያ ዳላስን በሚጠብስ ሙቀት ሙሉ ኮት ለብሰዋል፤ በሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት ይዘዋል። በትንሹ አጎንብሰው “ለክቡር ፕሬዚደንት” አሉና ጥቅሉን ሰጥተውኝ ሄዱ። ቁጣ የለ፣ ክርክር የለ።

ባለቤቴ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እኔ እንደዚያ ያለ ጽሕፈት አይቼ አላውቅም። ከቀኝ ይጀምራል። ፊደሎቹ መስመር ላይ አይቀመጡም፤ ከላይ ተንጠልጥለው ወደ ታች ይንሸራተታሉ፣ አንዱ ሌላውን ደገፍ ይላል፣ አንዳንዱ ጅራቱን እስከ ወረቀቱ ዳር ይጎትታል። ከሥሩ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ትርጉሙ ተጽፏል። ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ነበር፦

ንጉሥ ሆይ፤ የጥላህን ስፋት በአጥርህ አትለካው፣
ከሥሩ ያረፈውን ሰው ቁጠርና እወቀው።

አንብቤ ስጨርስ በድንጋጤ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። አሁን ይናደዳል ብዬ ጠበቅሁ። ባለቤቴ ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ፣ ራቅ አድርጎ፣ እንደገና አስጠግቶ አየውና ፊቱ በራ።

“አየሽ?” አለኝ። “ንጉሥ ብለውኛል።”

“የቀረውንስ አነበብከው?”

“አንብቤዋለሁ እንጂ! ስለ ጥላ ነው። ሰውዬው የተማሩ ናቸው።”

በማግስቱ ወስዶ በወርቃማ ፍሬም አስገጠመውና ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። ስለ ሮማኗ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን አልተነሳም።

እኔ የምሠራው የጥርስ ሐኪም ቤት ሪሴፕሽን ነው፤ ቅዳሜ አልሠራም። በቀጣዩ ቅዳሜ አንድ ሳህን ምስር ሳምቡሳ ይዤ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር። ጋራዣቸው ክፍት ነው። መኪና የለበትም። ረጅም ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ብልቃጦች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተሰቀሉ ጽሕፈቶች። ሽማግሌው ቁጭ ብለው በቢላ መቃ ይቀርጻሉ። መቃውን ሳይ ተገረምኩ፤ የእኛ ደብተራዎች ብቻ የሚጽፉበት ይመስለኝ ነበር።

“ባለቤቴ አልገባውም” አልኳቸው። በእንግሊዝኛ ነበር የምናወራው፤ የሁለታችንም እንግሊዝኛ የየአገራችንን ኮት እንደለበሰ ነው።

ሳቁ። “ወደደው?”

“ሰቀለው።”

“እንግዲያስ እንደ ቀድሞዎቹ ነገሥታት ሆኗላ” አሉ፤ እጃቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። በእነሱ አገር ንጉሥን መምከር ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ገጣሚው ምክሩን ይገጥማል፣ ጸሐፊው በእጁ ያሳምረዋል፣ ንጉሡ በወርቅ አስጊጦ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያኖረዋል። ፍትሕ አታጓድል የሚል ግጥም ያንጠለጠለ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ፍትሕ ያጓድላል።

“ታዲያ ምን ጥቅም አለው?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ይህንኑ በተራ ጽሕፈት ብሰጠው ስድብ ነው። አሳምሬ ስሰጠው ስጦታ ሆነ። ስድብ ይቀደዳል። ስጦታ ግን ግድግዳ ላይ ይቆያል። ግድግዳ ላይ ከቆየ ደግሞ አንድ ቀን ንጉሡ ባይሆን እንግዳው ያነበዋል።”

እኛ አገር ቅኔ ንጉሥ ፊት የሚቀርበው ሰም ለብሶ ነው፤ ወርቁን የሚያገኘው የገባው ብቻ ነው። የእሳቸው ራቁቱን፣ ያውም ከእነትርጉሙ ነበር የመጣው። ያም ሆኖ አልታየም። ይህን ስነግራቸው መቃውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪያቸው ሆንኩ። ቀለሙ ውስጥ የሐር ክር ተነክሯል፤ መቃው ብዙ ቀለም እንዳይጠጣ ነው። የፊደሉ ቁመት የሚለካው በነጥብ ነው፤ መቃውን አንዴ ጫን ሲያደርጉት በሚተወው ነጥብ። ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመው “ይህ ፊደል ሰክሯል” ይላሉ። “ይህኛው ደግሞ ሥራ የሌለው ነው፣ ዝም ብሎ ተጋድሟል።” ለሳምንታት አንድ ጎድጓዳ ፊደል ብቻ ስጽፍ ከረምሁ። ከሥራ፣ ከትራፊክ፣ ከባለቤቴ ኢንስፔክሽን የሚያሳርፈኝ እሱ ሆነ።

በዚህ መሀል ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሄደላቸው። ባለቤቴ የሮማኗን ፎቶ ከነፍሬዋ አንስቶ ነበር የላከው። በሳምንቱ ሁለተኛው ጥቅል መጣ፦

ንጉሥ ሆይ፤ ጥፋት ፍለጋ በሰው ደጃፍ ከምትዞር፣
ደኅና አደራችሁ ብለህ እለፍ፤ ስምህ በደግ እንዲነገር።

አሁንስ ለየለት አልኩ። ስልክ ይዞ በየደጃፉ የሚዞር ሰው ሰፈራችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። “ትክክል ናቸው” አለ።

ወደ እሱ ዞርኩ። “ትክክል ናቸው ትላለህ?”

“በደንብ! የድሮው ፕሬዚደንት እንደዚህ ነበር። ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ሲልከሰከስ ነው የኖረው። ሽማግሌው አይተውታል ማለት ነው።”

ይህን ብሎ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ፣ ለሰፈሩ ሁሉ በኢሜይል ላከው። ርዕሱን “ከፕሬዚደንቱ የተላከ የሳምንቱ ጥበብ” ብሎታል። ከጥበቡ ሥር የቆሻሻ በርሜል ማስታወሻ አለ።

ልጃችን ለእሷም የላከላትን ኢሜይል አይታ ኮል አደረገችኝ። “ማሚ፣ ይሄ ነገር ስለ ዳዲ ነው አይደል?”

“ነው።”

“ሶ፣ ዳዲ ስለ ራሱ የተጻፈ ሮስት፣ ማለቴ ማላገጫ፣ ለሰው ሁሉ ላከ?”

“ላከ።”

ስልኩ ውስጥ ሳቋ እስኪበርድ ጠበቅኋት። ከዚያ “ያሳዝናል ግን” አለች። እኔም ያን ጊዜ ነው እንደሚያሳዝን የገባኝ። ሰው ሁሉ ኢሜይሉን እያነበበ በየቤቱ ይስቅበት ነበር። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ፈገግ ሲሉለት የተወደደ መስሎታል።

ዓመታዊው ስብሰባ ሲቃረብ ባለቤቴ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሽማግሌው ለክለብ ሃውሱ፣ ለሰፈሩ የስብሰባ አዳራሽ፣ ትልቅ ጽሕፈት እንዲሠሩ፣ በስብሰባው ዕለት በይፋ እንዲገለጥ። ራሱ ሄዶ ለመናቸው። እኔ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌው መቃቸውን አስቀምጠው “ክብር ነው” አሉ። ባለቤቴ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ ሮማኗን አየት አድርጎ፣ “በነገራችን ላይ ዛፏን አትርሷት” አላቸው። ቁጣ የለበትም፤ ትሕትና ነው ብሎ ነው።

ሥራው ብዙ ፈጀ። እኔ መስመር አሰምራለሁ፣ ቀለም አማስላለሁ። ሽማግሌው አንድ ቃል ጽፈው፣ ወደ ኋላ ሄደው፣ በአንድ ዓይናቸው አይተው፣ ካልጣማቸው ሙሉ ወረቀቱን ይተዉታል። ለሰፈር ማኅበር ይህን ያህል መድከም ምን ይሉታል ብዬ ጠየቅኋቸው። “ንጉሥ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ፊደል ግን ትንሽ የለውም” አሉኝ።

የስብሰባው ዕለት ክለብ ሃውሱ ከወትሮው ይልቅ ሞላ። አንዳንዱ ስለ ጥበቡ፣ አብዛኛው ስለ በርሜሉ ነበር የመጣው። የድሮው ፕሬዚደንት፣ ትልቅ ባርኔጣ የሚያደርግ የቴክሳስ ሽማግሌ፣ ከፊት ተቀምጧል። ባለቤቴ ለእህቱ ልጅ ሠርግ የገዛውን ሱፍ ለብሷል። የጽሕፈቱን መሸፈኛ ገለጠና ኢራናዊውን ሽማግሌ እንዲያነቡት ጋበዘ። በፋርስኛ ሲያነቡት ድምፃቸው ተለወጠ፤ የማያውቀው ሰው እንኳ ጸጥ አለ። ከዚያ በእንግሊዝኛ አሉት፦

ንጉሥ ሆይ፤ ይህ ወንበር ስንቱን ተቀብሎ ሸኘ፤
የታደለ እሱ ነው፣ ሲነሣ ወዳጅ ያገኘ።

መጀመሪያ ያጨበጨበው ባለቤቴ ነው፤ የድሮውን ፕሬዚደንት እያየ። የድሮው ፕሬዚደንት ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ “አሜን” አለ፤ ባለቤቴን እያየ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ምክትሏን አየቻት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምክሩ ለሌላ ሰው እንደተጻፈ ያላወቀ አልነበረም።

ከዚያ አንዲት እናት ብድግ አለችና “ግጥሙ ደስ ይላል፤ ልጄ የቅርጫት ኳስ ምሰሶውን ለምን አንሳ እንደተባለ ግን ቢነገረኝ” አለች። እሷ ስትቀመጥ ሌላው ተነሣ። አንዱ ስለ በሩ ቀለም፣ አንዱ ስለ ፒክ አፕ መኪናው፣ አንዱ እንዳይታዩበት ከአጥር ጀርባ ስለደበቃቸው ዶሮዎች። ባለቤቴ መጀመሪያ እያንዳንዱን “ለቦርዱ አቀርበዋለሁ” ሲል ቆየ። ኋላ ላይ እሱንም ተወው። ላቡን ሲጠርግ አየሁት።

የምርጫው ሰዓት ደረሰ። መድረክ መሪዋ “ለፕሬዚደንትነት ፈቃደኛ የሆነ አለ?” አለች። ያ ሁሉ ሲናገር የነበረ ሕዝብ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባለ ዶሮው ሰውዬ የጫማው ክር የተፈታ ይመስል ጎንበስ አለ። ባለቤቴ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ያለ ተቃውሞ ተመረጠ። ጭብጨባው የአምናውን ያህል ደመቀ። በዚህኛው ግን ፈገግ አላለም።

ወደ ቤት በእግራችን ስንመለስ ከእኔ ቀደም ብሎ ሄደ። ከዚያ ድንገት ቆመ።

“ለእኔ ነው እንዴ የሚጽፉት?”

ልሸሽገው ብችል ደስ ይለኝ ነበር። “ለአንተ ነው” አልኩት።

“ሦስቱም?”

“ሦስቱም።”

“አንቺ ታውቂ ነበር?”

“ትርጉሙ ከሥሩ ተጽፎ ነበር እኮ። አብረን ነው ያነበብነው።”

የሰው ሣር ዳር ቆሞ አሰበ። ይናደዳል ብዬ ነበር፤ ድምፁ ግን እንደ ልጅ ነው የሆነው። “ከጠሉኝ ታዲያ ለምን እንዲህ አሳምረው ጻፉት?”

“ራሳቸውን ጠይቃቸው” አልኩት።

ጠየቃቸው። በማግስቱ ከሥራ መልስ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሽማግሌው ሻይ አቀረቡልን። ባለቤቴ ብርጭቆውን ይዞ፣ ያቺኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። “እኔ አገሬ ሳለሁ አንድም መሥመር ያልጻፍኩላቸው ገዢዎች ነበሩ” አሉ። “ተስፋ የተቆረጠበትን ሰው ማን ይመክራል? ጥሎ ይሄዳል እንጂ። ከአንተ ግን የትም አልሄድኩም፤ ሁለት ቤት ነው የምንራራቀው።”

ባለቤቴ ሻዩን ጠጣ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ ይቅርታ ይላል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብሎ “ኦኬ፣ የዛፍ ኮሚቴ እናቋቁማለን” አለ። “ሊቀመንበሩ እርስዎ ነዎት።”

ይቅርታው ያ ነበር። ሽማግሌውም ገብቷቸው ተቀበሉ።

ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባ ሮማንን ከተፈቀዱት ዛፎች አንዱ አደረገ። በሁለተኛው ወይራን ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በሦስተኛው ግን ሽማግሌው የሰፈሩ ሰው ዛፍ መግረዝ አያውቅም አሉ። የቴክሳስ ሰው በክረምት አናት አናቱን እየቆረጠ ዛፉን ጉቶ ያደርገዋል፤ ይህ ወንጀል ነው አሉ። መሐንዲስነታቸው ተቀሰቀሰ። የትክክለኛ ቅርንጫፍ አንግል የሚያሳይ ሥዕል ነደፉ። አንድ ጠዋት ከባለቤቴ ጎን ሆነው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ቀና ቀና እያሉ የሰው ዛፍ ሲያዩ በመስኮት አየኋቸው። ባለቤቴ ፎቶ ያነሳል፣ እሳቸው አንግሉን ይናገራሉ። ሁለቱም እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ መቃዬን ይዤ ስሄድ ጋራዡ ተዘግቷል። ስደውልላቸው አስቸኳይ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ፣ ባለ ዶሮው ሰውዬ በለሱን ክፉኛ እንደገረዘ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ትምህርቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ቤት ተመልሼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። መቃውን ነክሬ ያችኑ ጎድጓዳ ፊደሌን መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከስብሰባው ሲገባ አየኝ። ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፤ አንገቱን ወደ ወረቀቱ አዘመመ።

“ለማን ነው የምትጽፊው?” አለኝ፤ ጠንቀቅ ብሎ።

“ለማንም አይደለም። ፊደል ነው፣ እየተለማመድኩ ነው።”

“እ” አለ። ፍሪጁን ከፍቶ ውኃ አወጣ፣ ቀድቶ ጠጣ፣ እንደገና መጥቶ ወረቀቱን አየ። ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።